ሕይወት የታጠፈበትን ቀን እንዴት እንቅዳ?

ባሕር ዳር ያሉ አዛውንቶች ሕይወታቸው የተለወጠበትን ቀን ሲተርኩ በስልካችሁ ልትቀዱ ካሰባችሁ፣ ከሌሎች ልምድ ጀምሩ። አሜሪካኖች የተራ ሰው ታሪክ መልቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መንግሥታቸው ሥራ ያጡ ጸሐፊዎችን ቀጥሮ፣ ከ1936 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. ከ2,300 በላይ በባርነት የኖሩ ሰዎችን ቃል አሰባሰበ። በ2003 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የተጀመረው ስቶሪኮርፕስ የተባለ የሰዎችን ታሪክ በድምፅ የሚቀዳ ድርጅት ደግሞ የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎችን ለ40 ደቂቃ ያህል እርስ በርስ ያነጋግራል። የፊተኛው ጉድለትም ያስተምራል፦ ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ስለነበሩ ብዙ ተጠያቂ ቃሉን ቆጥቧል። ባሕር ዳርም ከቀበሌ የመጣ የሚመስል ሰው ከላካችሁ ያው ነው። የዕድር ጓደኛ ወይም የልጅ ልጅ ይሻላል።

ጣና ዳር ለፎቶ እንጂ ለድምፅ አይሆንም፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ማይኩን ይመታዋል። መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ምረጡ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ። ክረምት ከሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሞክሩት። ቡናው ተወቅጦ ይለቅ፤ ሙቀጫ ሃያ ደቂቃ ያበላሻል።

ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ በታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከአፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀምጡት። ድምፅን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ፎርማት፣ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ) ከቀዳችሁ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ለ40 ደቂቃ 500 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይበቃል። አንድ ደቂቃ ሞክራችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ፈቃዳቸውንም እዚያው ቅዱት።

ዋናው ጥያቄው ነው። «እማማ፣ ሕይወት ምን አስተማረዎት?» ካላችሁ መልሱ «ተመስገን ነው» ይሆንና ያልቃል። ቀኑን ጠይቁ፦ «ያን ዕለት ጠዋት የት ነበሩ? ማን ነገረዎት?» ዓመቱ ከጠፋባቸው «ደርግ ሲገባ ነው ወይስ በ77ቱ ድርቅ?» በሉ። ሰው የኑሮውን ለውጥ፣ ማለትም ቤቱን፣ ሥራውንና ስደቱን፣ በራሱ ይነግራችኋል። የጠባዩን ግን ይዘለዋል። ለዚህ የሚሠራው ጥያቄ «ከዚያ በፊት የማያደርጉት፣ ከዚያ ወዲህ ግን የማይተዉት ነገር አለ?» የሚለው ነው። በር ሁለቴ መቀርቀር፣ እህል ማከማቸት፣ ለማንም አለማበደር፦ ጠባይ የሚታየው እንዲህ ባለው ነገር ነው። በተረት ካመለጧችሁ «ይህን ተረት ማብዛት የጀመሩት መቼ ነው?» በሉ። ዝም ካሉ እስከ አስር ቁጠሩ፤ ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል። ካለቀሱ መቅጃውን አጥፉ።

የደም ነገር ከተነሳ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ቁረጡ። ዓመተ ምሕረቱን ከአውሮፓው ጋር አታደባልቁ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን፤ ድምፁን ይጨምቀዋል።