የተተረጎመ የጤና መጠይቅ አልፋው ሲያስቸግር

ክሮንባክ አልፋ የአንድ መጠይቅ ጥያቄዎች ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ምሳሌያችን የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 26 ጥያቄው የሕይወት ጥራት መጠይቅ ነው።

ክሮንባክ አልፋው በጣም ወረደ፣ ወይም ኔጋቲቭ ወጣ
ትርጉሙን ከመጠርጠር በፊት ኮዲንጉን (መልሶቹ በቁጥር የተመዘገቡበትን መንገድ) ይዩ። በ3ኛው (ሕመም)፣ በ4ኛው (የሕክምና ጥገኝነት) እና በ26ኛው ጥያቄ (መጥፎ ስሜት) ትልቅ ቁጥር መጥፎ ሁኔታን ያሳያል፤ በሌሎቹ ደግሞ ጥሩውን። መልሱ ከ1 እስከ 5 ስለሆነ የእነዚህን የሦስቱን መልስ ከ6 ላይ ቀንሰው ይገልብጡት፤ ውጤቱንም በአዲስ ቫሪያብል ያስቀምጡ። በነባሩ ላይ ከጻፉበት፣ ሲንታክሱ (የትእዛዝ ፋይሉ) ሳይታወቅ ሁለቴ ሲሮጥ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።

ኮዲንጉ ትክክል ነው፣ አልፋው ግን 0.56 ላይ ቀረ
26ቱን በአንድ ላይ አስልተው ከሆነ ይተዉት፤ የመጠይቁ አራት ዘርፎች (አካላዊ ጤና፣ ሥነ ልቦና፣ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ አካባቢ) ለየብቻ ይሰላሉ፣ 1ኛውና 2ኛው ጥያቄ ደግሞ ከየትኛውም አይገቡም። ቀጥሎ ጥያቄዎቹን ይቁጠሩ። የማኅበራዊ ግንኙነት ዘርፍ ያለው ሦስት ብቻ ነው። በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ (ኮሪሌሽን) 0.30 ሲሆን ሦስት ጥያቄ የሚሰጠው አልፋ 0.56 ነው፤ አሥር ጥያቄ ቢሆን ግን 0.81 ይደርሳል። ስለዚህ አማካይ ተዛምዶውንም አብረው ሪፖርት ያድርጉ።

እዚሁ ዘርፍ ውስጥ ያለው 21ኛው ጥያቄ ስለ ወሲብ ሕይወት ይጠይቃል፤ ጎረቤት ወይም አማት አጠገብ ተቀምጦ ማን ይመልሳል? የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ አንድ መልስ የጎደለበትን ተሳታፊ ከአልፋው ስሌት ሙሉ በሙሉ ያወጣዋል። ስንት ሰው እንደተሰላ ከውጤቱ ሰንጠረዥ ያረጋግጡ። ብዙ ሰው ከጎደለ ጠያቂውና ተጠያቂው ተመሳሳይ ጾታ ይሁኑ፣ ቦታውም ለብቻ ይሁን።

አንድ ጥያቄ ከቀሪዎቹ ድምር ጋር ያለው ተዛምዶ ከ0.30 በታች ነው
«ይህ ቢወጣ አልፋው ይጨምራል» የሚለው ዓምድ ያጓጓል። አይሰርዙት፤ ከሰረዙት ነጥቡ ከሌሎች ጥናቶች ጋር አይነጻጸርም። ለጥቂት ሰዎች ጥያቄውን አንብበው «በራስዎ አባባል ምን ተጠየቁ?» ይበሉ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሳይሆን የመልሱ ምርጫ ነው ጥፋተኛው፤ «በትንሹ» እና «በመጠኑ» በጆሮ ሲሰሙ አይለዩም። አምስቱን ደረጃዎች በካርድ ያሳዩ። ችግሩ ከቃሉ ከሆነ ወደ ተርጓሚዎቹ ይመልሱት፣ እንደገናም ፓይለት (በጥቂት ሰዎች ላይ ሙከራ) ያድርጉ።

አልፋው ከ0.95 በላይ ሆነ
አይደሰቱ። ሁለት ጥያቄዎች በትርጉም አንድ ሆነው ይሆናል፤ አለበለዚያ መረጃ ሰብሳቢው አንዱን ዓምድ ቁልቁል እየሞላ ነው። ከመገልበጡ በፊት ባለው ዳታ የእያንዳንዱን ተሳታፊ መልሶች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (መልሶቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ) ያስሉ፤ ዜሮ የሆኑትን፣ ማለትም ሁሉም መልሳቸው አንድ የሆነውን፣ በሰብሳቢ ኮድ ይደርድሩ። አንድ ኮድ ከተደጋገመ የዚያን ሰብሳቢ ቅጾች ከፊሎቹን በሌላ ሰው እንደገና ያስጠይቁ።