ፕሮጀክተሩ አልተቃጠለም፦ የክፍል ፕሮጀክተርና ፖዲየም ችግርና መፍትሄ

ጠዋት 2፡30 ላይ ስልክ ከተደወለ ነገሩ ይታወቃል። "ፕሮጀክተሩ ተቃጥሏል፣ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ ድረስልኝ።" ግቢ ውስጥ በዚህ ሥራ ስቆይ እውነት የተቃጠለ ፕሮጀክተር ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። የሚታመመው ሌላ ዕቃ ነው። ሶኬቱ መሰካቱን፣ ዲቫይደሩ መብራቱን፣ ሪሞቱ ውስጥ ድንጋይ መኖሩን፣ የሌንሱ ክዳን መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

ችግር፦ ምስሉ ቢጫ ወይም ሮዝ ሆነ፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም "ኖ ሲግናል" ይላል

ምክንያቱ ኬብሉ ነው። ኬብሉ ስል ፖዲየሙ (መምህሩ ላፕቶፑን የሚሰካበት ጠረጴዛ) ጋ ያለውን ጫፍ ማለቴ ነው። ኮርኒሱ ጋ ያለውን አንዴ ከተገጠመ በኋላ የሚነካው የለም። ፖዲየሙ ጋ ያለውን ግን በየክፍለ ጊዜው አንዱ ይሰካዋል፣ ሌላው ይነቅለዋል። የሚነቅለውም ጭንቅላቱን ይዞ አይደለም፣ ገመዱን ጎትቶ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ይለቀዋል። ቀጥሎ የሚገባው ይረግጠዋል።

ብዙ ክፍል ውስጥ ያለው አሁንም ቪጂኤ የሚባለው የድሮው የምስል ኬብል ነው። ቪጂኤ 15 ፒን (መርፌ የሚመስሉ ቀጫጭን ብረቶች) አለው፣ አምስት አምስት ሆነው በሦስት ረድፍ። 1ኛው ቀይን፣ 2ኛው አረንጓዴን፣ 3ኛው ሰማያዊን ያመጣል። ስለዚህ የታመመውን ፒን ከግድግዳው ላይ ማንበብ ይቻላል። ነጩ ስላይድ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው ቀርቷል። ወደ ሮዝና ሐምራዊ ከሄደ አረንጓዴው ቀርቷል። ውሃ ሰማያዊ ከሆነ ቀዩ የለም። ምስሉ ከተንከባለለ፣ ከተንጋደደ ወይም ጭራሽ ካልመጣ 13ኛውንና 14ኛውን ጠርጥሩ። 12ኛው ወይም 15ኛው ከተጎዳ ደግሞ ላፕቶፑ ፕሮጀክተሩን በትክክል አያውቀውም፣ የማይሆን ሬዞሉሽን (የምስል መጠን) ይልካል።

መፍትሄው ላፕቶፕ መቀያየር አይደለም። መጀመሪያ ፖዲየሙን ዝለሉት። ደህና መሆኑን የምታውቁትን ኬብል አምጡና ላፕቶፑን በቀጥታ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኙት። ምስሉ ከጠራ ፕሮጀክተሩ ጤነኛ ነው። ከዚያ የፖዲየሙን ጫፍ በስልክ መብራት እዩት። የታጠፈ ፒን ካለ በወረንጦ ቀስ ብላችሁ አቅኑት። አንዴ ይቃናል። ደጋግሞ ከታጠፈ ግን ይሰበራል፣ ያኔ ኬብል መቀየር ነው።

ልብ በሉ፦ 9ኛው ፒን በብዙ ኬብሎች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የለም። "ፒኑ ተሰብሯል" ተብሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የተጣለ ደህና ኬብል አንስቼ አውቃለሁ። እስካሁን ይሠራል።

ልብ በሉ፦ የቪጂኤን ሁለት ብሎኖች በጣት ብቻ አጥብቁ። አንድ ሰው "እንዳይሰረቅ" ብሎ በፒንሳ አጥብቆት ነበር። ቀጥሎ የገቡት መምህር ሊፈቱት ቢሞክሩ አልፈታ አለ። ሳቡት። የፖዲየሙ መሰኪያ ከነቆርቆሮው ወጣ። የሁለት ደቂቃ ሥራ የሳምንት ሥራ ሆነ።

ደግሞ የፖዲየሙ በር አለ። ብረት ነው፣ ቁልፍ አለው፣ ጠርዙ ስለታም ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ምስሉ ጠዋት ደህና ይሆንና ከሰዓት ሮዝ ይሆናል። አምፖል ተቀየረ፣ ያው ነው። አዲስ ፕሮጀክተር ይገዛ ተብሎ ወረቀት ግዢ ክፍል ደርሶ ነበር። ስሄድ ገመዱ በበሩ ጠርዝ ተቆንጥጦ ላስቲኩ ተልጧል። በሩ ሲቆለፍ ሮዝ፣ ሲከፈት ደህና! ከሰዓት የሚያስተምሩት መምህር ጥንቁቅ ስለሆኑ ሁልጊዜ ቆልፈው ነበር የሚያስተምሩት። ኬብሉን ቀይሬ ከኋላ በቀዳዳ አሳለፍኩት፣ ነገሩ አለቀ። አዲስ ፖዲየም ስትገጥሙ ኬብል በበሩ በኩል አታሳልፉ። እባካችሁ።

ኤችዲኤምአይ፣ ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያስተላልፈው አዲሱ ኬብል፣ ሲታመም ብዙ ጊዜ ቀለም አይለውጥም። ነጫጭ ነጠብጣብ ይበትናል፣ ለሰከንድ ጥቁር ይሆንና ይመለሳል፣ ወይም ይዘጋል። ብሎን ስለሌለው በራሱ ክብደት ይወልቃል። ከፖዲየም ተነስቶ በግድግዳ ወጥቶ ኮርኒስ የሚደርስ ገመድ 15 ሜትር በቀላሉ ይሞላል። በዚህ ርቀት ርካሹ ኬብል አይችልም። ለመለየት ሬዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርዱት። ከተረጋጋ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። ከሱቅ ስትገዙ "ኦሪጅናል ነው" የሚለውን ትታችሁ ክፍሉ ውስጥ ሞክራችሁ የምትመልሱበትን ስምምነት ያዙ።

ችግር፦ ለሃያ ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል

አዳፕተሩን ንኩት። ይፋጃል? እሱ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ውስጡ ቺፕ አለ። ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ቀዳዳ ከሚመጣው ትንሽ 5 ቮልት ነው። ርካሹ ሲሞቅ ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። እኔ ስደርስ ሁልጊዜ ቀዝቅዟል! ተጨማሪ የዩኤስቢ ኃይል የሚቀበለውን ግዙ። ደግሞ ገልብጣችሁ አትጠቀሙበት፣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ሌላ ዕቃ ነው። ታይፕ ሲ ያላችሁም፣ ሁሉም የታይፕ ሲ ቀዳዳ ምስል አያወጣም። ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያስተላልፍ ብዙ ነው።

ችግር፦ ላፕቶፑ ላይ ይታያል፣ ግድግዳው ላይ ባዶ ዴስክቶፕ ነው

የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ የ"P" ፊደልን ተጫኑ፣ ዱፕሊኬትን ምረጡ። ለዚህ አትደውሉ።

ችግር፦ ምስሉ ተገልብጧል። ሜኑ ውስጥ የኮርኒስ አቀማመጥ የሚለውን አስተካክሉ።

ችግር፦ ድምፅ የለም፣ ወይም ይጮሃል

ቪጂኤ ድምፅ አያስተላልፍም፣ የድምፁን ገመድ ለብቻው ሰኩ። ኤችዲኤምአይ ከሆነ ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ትንሽ ስፒከር ሄዶ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ላይ የድምፅ ምልክቱን ተጭናችሁ መውጫውን ቀይሩ። "እምምም" የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ለአፍታ ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ ከመሬት መስመሩ ነው፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ማይኩ የሚያፏጨው ስፒከሩ ፊት ስለቆማችሁ ነው። ከስፒከሩ ኋላ ሂዱ።

ችግር፦ የአማርኛው ስላይድ ሳጥን ሳጥን ሆነ፣ ወይም የእንግሊዝኛ ፊደል ድብልቅልቅ ሆነ

የፖዲየሙ ኮምፒውተር ፎንታችሁ የለውም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ሁሉ እንዲህ ይሆናል። ቤት ሳላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ችግር፦ ፕሮጀክተሩ ራሱ መሃል ላይ ይጠፋል፣ የሙቀት ቀይ መብራት ይበራል

ጠመኔ። ማጣሪያውን አውጡና እዩት፣ ዱቄት ፋብሪካ ነው የሚመስለው። ለስላሳ ብሩሽ ያለው ቫኪውም ካለ በእሱ አጽዱት። በውሃ የሚታጠበው አንዳንዱ ብቻ ነው፣ የእናንተ መሆኑን ሳታውቁ አትጠቡ። በኮምፕሬሰር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንደ ልቡ ከዞረ ይጎዳል። ወደ ሌንሱ በኩል አትንፉ።

ሲጠፋም በሪሞቱ አጥፉትና ፋኑ እስኪቆም ጠብቁ። ከዲቫይደሩ ቀጥ አድርጎ የሚያጠፋ ሰው አምፖል ገዳይ ነው። መብራት ሲሄድ ምርጫ የለንም፤ ሲመጣ ግን ወዲያው አታብሩት። የመጣው መብራት ሊዋዥቅ ይችላል፣ የጋለው አምፖልም እስኪቀዘቅዝ አይነሳም። ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፣ ጥቁር ሰሌዳው አለ።

ችግር፦ ነጫጭ ነጥቦች ምስሉ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ዲኤልፒ (ምስሉን በቺፕ ላይ ባሉ ጥቃቅን መስታወቶች የሚሠራ ፕሮጀክተር) ከሆነ መስታወቶቹ ሞተዋል። ቺፕ መቀየር ነው፣ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ችግር፦ "አምፖል ቀይር" ይላል

እንደ ሞዴሉ በአብዛኛው ከ3000 እስከ 5000 ሰዓት የሚሄድ አምፖል ነው። አሮጌው ቀዝቅዞ አዲሱን ስትገጥሙ መስታወቱን በጣት አትንኩ፣ ቅባቱ ሲግል ያሰነጥቀዋል። ከገጠማችሁ በኋላ የሰዓት ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ፣ አለበለዚያ ማስጠንቀቂያው አይጠፋም። አምፖሉን ሳይቀይሩ ቆጣሪውን ብቻ ዜሮ የሚያደርጉ ጎበዞች አሉ። ያንን ካደረጉበት ክፍል አንዱ ተማሪ ተቀምጦ እያለ "ጧ!" ብሎ ፈነዳ። እነዚህ አምፖሎች ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ከፈነዳ ተማሪውን አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፕሮጀክተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ስብርባሪውንም በባዶ እጅ አትልቀሙ። ያኔ ደውሉ፣ እመጣለሁ።