የልጅ ጀርባ ውሃ ከተቀዳ በኋላ ምን እንጠብቅ?

ልጁ ለምርመራ ከጀርባው ውሃ (አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ) ሊቀዳ ነው ሲባል ደሴ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ሽባ ቢሆንስ?» ነው። አብሽሩ። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካበቃበት ዝቅ ብሎ ነው። ኢንፌክሽንም ቢሆን ብዙ አያጋጥምም፤ ከመጣ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ጥንቃቄው የሚጀምረው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ቆዳው በአዮዲን ወይም በክሎርሄክሲዲን ይጠረጋል፣ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ሐኪሙ ማስክ የሚያደርገው ለወግ አይደለም፤ ከአፍ የሚወጣ ባክቴሪያ በመርፌው በኩል ገብቶ ማጅራት ገትር ሊያመጣ ይችላል። ልጁን የምትይዙት እናንተ ከሆናችሁ «ሲስተር፣ ለእኔም ማስክ ይገኛል?» በሉ።

ቤት ስትገቡ ፕላስተሩ ለ24 ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ውሃ አይንካው። ዳይፐር የሚያደርግ ከሆነ የላይኛውን ጫፍ ወደ ውጭ አጥፋችሁ ከመርፌው ቦታ ዝቅ አድርጉት፤ ሽንትና ሰገራ እዚያ መድረስ የለበትም። ቅቤ፣ ዳማከሴ፣ ማር፣ ምንም አይቀባ። አያት ከተቆጡ ይቆጡ።

የደሴ ብርድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ልጁን ሹራብ ደራርበንለት፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ ጀርባውን አንዴ እንኳ ሳናየው ቀናት ያልፋሉ። ጠዋትና ማታ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ መብራት አብርታችሁ እዩት። የመርፌ ነጥብና ትንሽ መበለዝ ያለ ነው። እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ እብጠት፣ መግል ወይም የሚያዥ ውሃ ካለ ግን ሐኪም ይየው።

ሲቀመጥ የሚብስ፣ ሲተኛ የሚቀል ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ በመቀነሱ የሚመጣ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይተወዋል። ተኝቶም የማይለቀው ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም የአንገት መገተር ከተጨመረበት፣ ነገሩ ሌላ ነው።

ትኩሳቱ ትንሽ ያደናግራል፤ ብዙ ልጆች መጀመሪያውኑ የሚመረመሩት አተኩሷቸው ነውና። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት «እስከ መቼ ሊያተኩሰው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለቆት የተመለሰ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ዝም አይባልም። በእጅ አትገምቱ፤ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት የማንም ልጅ ግንባር ይግላል። ቴርሞሜትር ግዙ። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጥቶ ማየትም ይቅር፣ ምልክቱን አዳፍኖ ሐኪሙን ያሳስታል።

ጨቅላ ራሴን አመመኝ አይልም። ጡት እምቢ ካለ፣ ከተዝለፈለፈ፣ አባብላችሁት ለቅሶው አልቆም ካለ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ አታንጉት። እግሩ የሰነፈ ወይም ሽንት አልወጣ ያለው ልጅም እንዲሁ። ባጃጅ ከጠፋ መኪና ያለው ጎረቤት ቀስቅሱ፣ ከሆስፒታል የሰጧችሁን ወረቀትም ያዙ።