ሄሊክሶች ሲገመዱ ስንለካ የሚበላሹ ነገሮች

እዚህ ጅማ የፕሮቲን አወቃቀር የሚጀምሩ ልጆች ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚለኩት እንደ ገመድ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ሄሊክሶችን፣ ማለትም የፕሮቲን ሰንሰለት እንደ ስፕሪንግ የሚዞርባቸውን ክፍሎች ነው። «ቲቸር፣ አንግሉን አገኘሁት!» ይሉኛል። ሳየው ከመጀመሪያው ሲአልፋ አተም (የአሚኖ አሲዱ ማዕከላዊ ካርቦን) እስከ መጨረሻው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። በሌላኛው ሄሊክስም እንደዚያው። ከዚያ ሁለቱ መስመሮች የሚሠሩት አንግል ተለክቷል።

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ሲአልፋ አተሞቹ ከሄሊክሱ ዘንግ 2.3 አንግስትሮም (አንዱ የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው) ያህል ይርቃሉ፤ መስመሩ ከመነሻው ዘንጉ ላይ አልዋለም። ይሄ ቀላሉ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ በዘንጉ ላይ 1.5 አንግስትሮም ያስኬዳል፣ ስለዚህ 30 አሚኖ አሲድ 45 አንግስትሮም ይሆናል። ጂሲኤን4 በሚባለው የእርሾ ፕሮቲን የተገመደው ጥንድ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ150 አንግስትሮም ገደማ ነው። ሄሊክሱ ሲሶ ዙር ያህል ዞሯል ማለት ነው! በቀጥታ መስመር ስትተኩት ልትለኩት የመጣችሁትን ጥምዝ ራሱን ጣላችሁት። አራት አራት ተከታታይ ሲአልፋ ውሰዱ፤ አንዱን ከኋላ ጣሉ፣ አንዱን ከፊት ጨምሩ። ዘንጉን በየቦታው አውጡና በየደረጃው ምን ያህል እንደዞረ እዩ። ትዊስተር የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ስሌቱ በላፕቶፕ ባትሪ በሴኮንዶች ስለሚያልቅ «መብራት ጠፋ» የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም።

ሶኬት የሚባለው ፕሮግራም ግን ሌላ ነው። እሱ የሚፈልገው ሳይንቲስቱ ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 የገለጸውን፣ የአንዱ ሄሊክስ ጉብታ በሌላው ጉድጓድ የሚገባበትን አገጣጠም ነው። የዙሩን ርዝመት ከእሱ አትጠብቁ።

የጥምዙ አንግል ላይ ማይነስ ሲያዩ በአብሶሉት ቫልዩ የሚያጠፉም አሉ። ኧረ ተዉ! ሄሊክሶቹ የሚነካኩባቸው አሚኖ አሲዶች ንድፍ ብዙውን ጊዜ በየ7ቱ ይደጋገማል። በአንድ አሚኖ አሲድ 100 ዲግሪ ብትቆጥሩ 7ቱ 700 ይሆናሉ፤ ሁለት ሙሉ ዙር ለመሙላት 20 ይጎድላል። ለዚህ ነው አልፋ ሄሊክስ ራሱ ወደ ቀኝ እየዞረ ጥንዱ ወደ ግራ የሚገመደው። ንድፉ በየ11ዱ የሚደጋገም ከሆነ 1100 ይመጣና ከሦስት ዙር በ20 ያልፋል፤ ጥንዱም ወደ ቀኝ ይዞራል። ምልክቱን ካጠፋችሁ ሁለቱን በምን ትለያላችሁ?

ያወረዳችሁት የፕሮቲን አወቃቀር ፋይል ውስጥ አንድ ሰንሰለት ብቻ ካለ «ብቸኛ ሄሊክስ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ጓደኛው በክሪስታሉ ሲሜትሪ የሚፈጠር ሊሆን ይችላል፤ ሙሉውን ጥምረት አውርዱ። የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድም አንድ ሰንሰለት ከሰጣችሁት አንድ ብቻ ነው የሚመልሰው።

በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት ራዲየስ አይደለም፤ ራዲየሱ የርቀቱ ግማሽ ነው።

በዘንጎቹ መካከል 160 ዲግሪ ካገኛችሁ ሄሊክሶቹ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው እንደሆነ እዩ።

የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ግሮማክስ ደግሞ ርቀትን በናኖሜትር ነው የሚጽፈው። ራዲየሱ 4.9 ሳይሆን 0.49 ወጣ ብሎ ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና የጫነ ልጅ አውቃለሁ።