ባለባልጩት ጠመንጃ እንዴት ይጎርሳል? ለጀማሪዎች

ክብሪት ከመምጣቱ በፊት እሳት የሚጫረው ቡላድ በሚባለው ብረትና በባልጩት ድንጋይ ነበር። ባለባልጩት ጠመንጃም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ምላጩ ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ወደፊት ይወረወርና ቡላዱን ይፍቀዋል። ፍንጣሪው ትንሿ ሳህን ላይ ባለው ባሩድ ላይ ይወድቃል። እሳቱ በበርሜሉ ጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ ያለውን ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ቀለህ የለም፣ ካዝና የለም። ባሩዱም አረሩም የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነው።

የዚህ ጠመንጃ ፍቅር ዛሬም የደመቀው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ፔንሲልቬኒያ የሰፈሩ ጀርመናውያን አንጥረኞች ላንካስተር አካባቢ ረጅምና ቀጭን በርሜል ያለው፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸለት ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። ግዛቷ ከ1974 ጀምሮ ለባለባልጩት ጠመንጃ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት አላት። የሚከፈተው ከፈረንጆች ገና በኋላ በብርዱ ነው። እኔም የተማርኩት እዚያው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብዙ ጀማሪ ይህን ጠመንጃ የሚተወው ዒላማ ስለሳተ አይደለም። አልተኩስ ስላለው ነው። ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደነዘ ባልጩት ወይም እርጥበት ነው። ስለዚህ ከማነጣጠር በፊት ድንጋዩን ማወቅ ይቀድማል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ በአብዛኛው እንደ ዘመናዊ መሣሪያ አይቆጥረውም። ግዛቶች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ጠበቅ ያሉ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ እንዳትነኩት። ሌላ አገር ያላችሁም ፖሊስ ጣቢያ ጠይቃችሁ ጀምሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው 50 ካሊበር፣ ማለትም የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ግማሽ ኢንች የሆነውን ቢይዝ ጥሩ ነው። ለዒላማም ለአጋዘንም ይበቃል፣ አረሩም በቀላሉ ይገኛል። ገንዘባችሁን በእንጨቱ ጌጥ ላይ ሳይሆን መዶሻው፣ ቡላዱና ሳህኑ በተገጠሙበት የጎን ብረት ላይ አውጡ። ሱቅ ውስጥ መዶሻውን በባዶው አስመትታችሁ እዩ። ደማቅ ፍንጣሪ ሳህኑ ውስጥ ከዘነበ ጠመንጃው ደህና ነው። አንድ ሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ ካያችሁ ግን እለፉት። አሮጌ ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ የሚያውቅ አንጥረኛ በርሜሉን ሳይመረምረው እንዳትተኩሱበት።

ባሩዱ እውነተኛው ጥቁር ባሩድ መሆን አለበት። ለዘመናዊ ጥይት የሚሆነውን ጭስ አልባ ባሩድ በፍጹም አትጠቀሙ፤ በርሜሉን አፈንድቶ ሰው ሊገድል ይችላል። በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚሸጡት ዓይነቶችም ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልጉ ለባልጩት አይመቹም። ጥቁሩ ባሩድ በደቃቅነቱ ይለያል። 4ኤፍ የሚባለው እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ለሳህኑ ነው። ለ50 ካሊበር በርሜል 3ኤፍ ይስማማል። ከዚህ በተጨማሪ 0.490 ኢንች ክብ የእርሳስ አረር፣ 0.015 ኢንች ውፍረት ያለው የጥጥ እራፊ፣ የባሩድ ቀንድ፣ መስፈሪያ፣ መጠቅጠቂያ ዘንግ፣ አጭር መግፊያና ቀዳዳዋን መጥረጊያ ቀጭን ወስፌ ያዙ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያም ግድ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። እንግሊዝ አገር ብራንደን ከምትባል ከተማ የሚመጣው ጥቁር ባልጩት ስሙ የታወቀ ነው። ባልጩቱን ብቻውን በመዶሻው መንጋጋ አታስሩት፤ ይንሸራተታል፣ ይሰበራልም። በቁራጭ ቆዳ ጠቅልላችሁ አጥብቁት። የድንጋዩ ስለት ከቡላዱ ፊት ጋር ትይዩ ይሁን፤ በአንድ ጠርዝ ብቻ ከነካ ፍንጣሪው ግማሽ ይሆናል። የተቀረጸው ጎን ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚለው ክርክር አያልቅም። መልሱን የሚሰጣችሁ የራሳችሁ ጠመንጃ ነው። ሁለቱንም ሞክሩና ፍንጣሪው የበዛበትን ያዙ። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ስለቱን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ከደነዘ ጠርዙን በትንሽ ናስ መሳሪያ ሸረፍ ሸረፍ አድርጋችሁ አድሱት።

ማጉረስ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ዘንጉን እስከ በርሜሉ ወለል አስገቡና በአፈሙዙ ትክክል ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ይህ የባዶ ምልክት ነው። ከጎረሰ በኋላ ሁለተኛ ምልክት ታክሉበታላችሁ። እነዚህ ሁለት ጭረቶች ከብዙ አደጋ ያድናሉ።

ሳህኑ ባዶ፣ ቡላዱ ክፍት፣ መዶሻው የወረደ ይሁን። አፈሙዙን ከፊታችሁ አርቃችሁ ያዙ። ባሩዱን ከቀንዱ ወደ መስፈሪያው፣ ከመስፈሪያው ወደ በርሜሉ አፍስሱ። ከቀንዱ በቀጥታ ማፍሰስ ክልክል ነው። ከቀደመው ተኩስ የቀረች ፍም ካለች ቀንዱ በእጃችሁ ላይ ይፈነዳል። ለመጀመሪያ 50 ግሬን፣ ማለትም 3.2 ግራም አካባቢ ይበቃል። ከፍተኛውን ልክ ከጠመንጃው መመሪያ አንብቡ፤ እሱን አትለፉ።

ቀጥሎ በምራቅ ወይም በቅባት የራሰውን እራፊ አፈሙዙ ላይ አንጥፉ፣ አረሩን አስቀምጡበት፣ በአጭሩ መግፊያ አስገቡት። ከዚያ ዘንጉን ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላችሁ ያዙና በአጭር በአጭሩ ግፉ። ከላይ ጫፉ ላይ በመዳፍ አትጫኑት፤ እንጨት ዘንግ ሲሰበር እጅ ይበሳል። አረሩ ባሩዱ ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ አለበት። መሐል ላይ ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ሁለተኛው ምልክት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ከሰው ጋር እያወራሁ ባሩድ ሳላፈስ አረሩን ቀበርኩት። ይህ ለብዙ ሰው የሚያጋጥም ስህተት ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ተኳሽ ረድተውኝ በእሳት ቀዳዳዋ በኩል ትንሽ ባሩድ አስገባን። አረሩ ወለሉ ላይ መቀመጡን በዘንግ እንደገና አረጋገጥን፤ ከዚያ ወደ ዒላማው ተኩሰን አወጣነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳጎርስ ከማንም ጋር አላወራም።

ሳህኑን የምትሞሉት መጨረሻ ላይ፣ የተኩስ መስመሩ ላይ ቆማችሁ ነው። ቀዳዳዋን በወስፌ ጥረጉ። መዶሻውን ግማሽ መንገድ ስባችሁ አስቁሙት። ሳህኑ ላይ ከግማሽ ያነሰ 4ኤፍ ነስንሱ፣ ቡላዱን ክደኑ። ባሩዱ ቀዳዳዋን ከደፈናት እሳቱ እንደ ክር ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አታብዙት። በቀኝ በኩል፣ ሳህኑ ባለበት ጎን፣ ሰው እንዳይቆም። በዚያ በኩል እሳትና የድንጋይ ስባሪ ይወጣል።

አሁን መዶሻውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አነጣጥሩ፣ ምላጩን በዝግታ ሳቡ። ዓይናችሁ ሥር እሳት ቦግ ይላል። ሰውነት ይደነግጣል፣ ጭንቅላት ይነሳል፣ አረሩም ይስታል። መድኃኒቱ ከተኩሱ በኋላም ዒላማውን ማየት መቀጠል ነው። ቤት ውስጥ ባዶ መሆኑን ባረጋገጣችሁት ጠመንጃ፣ በባልጩቱ ፈንታ ቁራጭ እንጨት አስራችሁ ተለማመዱ። ለአንድ ሳምንት በቀን አሥር ጊዜ ብትሠሩት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ሳህኑ ነዶ ጠመንጃው ካልተኮሰ አፈሙዙን ከዒላማው አታንሱ። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ቀዳዳዋን በወስፌ ጠርጋችሁ እንደገና ሳህኑን ሙሉ። በየተኩሱ መሐል በርሜሉን በእርጥብ እራፊ አንድ ጊዜ መጥረግ ቀጣዩን አረር ያቀልላችኋል።

ማጽዳቱ ለነገ አይባልም። የጥቁር ባሩድ ቅሪት ከአየር እርጥበት እየሳበ በርሜሉን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ቀዳዳዋን በስንጥር ድፈኑ፣ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በበርሜሉ አፍስሱ፣ ናጡት፣ ድፉት። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድገሙት። በደረቅ እራፊ ወልውሉና ስስ ዘይት ቀቡት። በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ እራፊ አስገብታችሁ አውጡ። ቡናማ ሆኖ ከወጣ እንደገና ዘይት ቀቡት።