በፊልም ካሜራ ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊልም አልሞተም። ኮዳክ በ2012 እ.ኤ.አ. ማምረት ያቆመውን ኤክታክሮም የተባለ ስላይድ ፊልም (ፎቶው በእውነተኛ ቀለሙ ፊልሙ ላይ የሚታይበት) በ2018 መልሶ ለገበያ አቅርቧል፤ ፔንታክስም በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል። ዋጋው ግን ስለናረ አንድ ፊልም በከንቱ ማበላሸት ያንገበግባል።

ፊልሙ መያዙን ሳያረጋግጡ መጀመር። ጫፉ ከመጠቅለያው ዘንግ ከወጣ ቆጣሪው 36 ድረስ ይቆጥራል፣ ፊልሙ ግን ካለበት አይነቃነቅም። አንድም ፎቶ አይኖርም። ጫፉን ዘንጉ ውስጥ ሰክተው ፊልሙን የሚያስኬደውን ሌቨር አንዴ ይሳቡ፤ ጥርሶቹ ከላይም ከታችም ቀዳዳዎቹ ውስጥ መግባታቸውን አይተው ክዳኑን ይዝጉ። ቀጥሎ በግራ በኩል ያለውን የመመለሻ እጀታ በቀስቱ አቅጣጫ በቀስታ አዙረው የላላውን ያጥብቁ። ሌቨሩን ደግመው ሲስቡ እጀታው አብሮ ከዞረ ፊልሙ ይዟል። ካልዞረ ከፍተው እንደገና ያስገቡ፤ በዚህ ሰዓት የሚቃጠለው ጫፉ ብቻ ነው።

ብርሃንን በዲጂታል ልማድ መለካት። በዲጂታል የነጣ ቦታ ስለማይመለስ ብዙ ሰው ትንሽ አጨልሞ ማንሳት ለምዷል። ኔጋቲቭ ፊልም (ብርሃንና ጥላው ተገላብጦ የሚታይበት) የዚህ ተቃራኒ ነው። ብርሃን ያልደረሰው ጥላ ኔጋቲቩ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ስካነሩም ከዚያ የሚያወጣው ጭቃ የመሰለ ግራጫ ብቻ ነው። በቀትር ፀሐይ ፊት ጥላ ውስጥ ከሆነ ከሰማዩ ሳይሆን ከፊቱ ይለኩ። ኮዳክ ጎልድ 200 የተባለውን ኔጋቲቭ ፊልም ካሜራው ላይ ISOውን (ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ብሎ ማንሳት ምንም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ጥላው ይጠራል። ስላይድ ፊልም ግን እንዲህ ያለውን አይታገስም።

ያገኙትን ባትሪ መክተት። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የተስተካከሉ ናቸው። 1.5 ቮልት አልካላይን ሲገባ የብዙዎቹ መለኪያ ብርሃኑን አብዝቶ ስለሚያነብ ፎቶው ይጨልማል። ወደ 1.4 ቮልት የሚሰጠው የመስሚያ መሣሪያ ዚንክ ኤር ባትሪ ይሻላል።

ፊልም በሚጫን ሻንጣ መላክ። የዚያ መፈተሻ ጨረር ያበላሸዋል። በእጅ ይያዙት፤ ሲቲ ስካነር (ጨረሩ የበረታ የእጅ ሻንጣ መፈተሻ) ካለ ደግሞ በእጅ እንዲፈተሽልዎ በትሕትና ይጠይቁ።

ኔጋቲቩን ፎቶ ቤት ጥሎ መሄድ። ይህ ከሁሉም ያሳዝናል። በቴሌግራም የተላከልዎ ፋይል የዚያ ቀን ስካነር የቻለውን ያህል ብቻ ነው፤ ዋናው ፎቶ ኔጋቲቩ ነው። በስድስት በስድስት ያስቆርጡ፣ ጠርዙን ብቻ ይያዙ፣ በማቀፊያው አድርገው እርጥበት በሌለበት ያስቀምጡ።