ሞዳል የንግግር ሳጥንን በጃቫስክሪፕት እንዴት መዝጋት ይቻላል?

ሞዳል የንግግር ሳጥን፣ ማለትም ከድረ ገጹ በላይ የሚወጣ ትንሽ መስኮት፣ ሲከፈት ከጀርባው ያለው ገጽ በሙሉ ይታገዳል። ሳጥኑ እስኪዘጋ ድረስ ተጠቃሚው ሌላ ቁልፍ መጫንም ሆነ ሌላ ቦታ መጻፍ አይችልም። መዝጊያው ከተበላሸ ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ከአከፋፈቱ ይልቅ ለአዘጋጉ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሳጥኑን በኤችቲኤምኤል ‹ዳያሎግ› ኤለመንት (የገጹ መገንቢያ ክፍል) ይሥሩት። እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 ጀምሮ ክሮም፣ ፋየርፎክስ እና ሳፋሪ ሁሉም ይቀበሉታል። በ‹ሾው ሞዳል› ትእዛዝ ይከፈታል፣ በ‹ክሎዝ› ይዘጋል። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) መሰወር መዝጋት አይደለም፦ ሳጥኑ ከዓይን ይጠፋል፣ ገጹ ግን እንደታገደ ይቀራል። ሳጥኑ ክፍት መሆኑን የሚያመለክተውን ‹ኦፕን› የተባለ አትሪቢዩት (በኤለመንቱ ላይ የሚጻፍ መለያ) በእጅ ማንሳትም አይመከርም፤ መዘጋቱን የሚያበስረው ክስተት፣ ማለትም አሳሹ ለኮዱ የሚሰጠው ምልክት፣ አይነሣምና።

ቀጥሎ የመዝጊያውን ቁልፍ ያዘጋጁ። ቁልፉ ሲጫን ‹ክሎዝ› እንዲጠራ ያድርጉ። ቁልፉ በፎርም ውስጥ ከሆነ ዓይነቱን ‹በተን› ብለው ይጻፉ፤ ካልጻፉ አሳሹ ፎርሙን የሚልክ ቁልፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። ‹ክሎዝ›ን ሲጠሩ በቅንፉ ውስጥ ‹እሺ› ወይም ‹ተሰርዟል› የሚል ቃል ማስገባት ይቻላል፤ ቃሉ ‹ሪተርን ቫልዩ› በሚባለው የሳጥኑ ባሕርይ ውስጥ ይቀመጣል፣ በኋላም የተጠቃሚው ምርጫ የቱ እንደነበረ ይነግርዎታል።

መረጃ ወደ ሰርቨር የሚልክ ሳጥን ከሆነ ግን አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ቁልፉ እንደተጫነ ወዲያው መዝጋት ነው። መላኩ ሳይሳካ ሲቀር ሳጥኑም የተጻፈውም ከፊት ጠፍቷል። ቁልፉን ለጊዜው ያግዱት፣ የሰርቨሩን መልስ ይጠብቁ፣ ከተሳካ ብቻ ይዝጉ፤ ካልተሳካ ስህተቱን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ያሳዩ።

የኤስኬፕ ቁልፍ ሲጫን ከመዘጋቱ በፊት ‹ካንስል› የተባለ ክስተት ይነሣል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ ‹ፕሪቬንት ዲፎልት› ብለው መዝጋቱን ያስቁሙና ተጠቃሚውን ይጠይቁ። ረጅም ፎርም ሞልቼ አንድ የተሳሳተ ጠቅታ ሁሉንም ያጠፋብኝ ጊዜ ስላለ ይህን ደረጃ ማንም እንዲዘለው አልፈልግም። በአንጻሩ መልእክት ብቻ የያዘ ሳጥን ያለ ጥያቄ ይዘጋ።

ከሳጥኑ ውጭ ጠቅ ሲደረግ እንዲዘጋ ከፈለጉ የተነካው ኤለመንት ራሱ ‹ዳያሎግ› መሆኑን ይፈትሹ። ይዘቱን በሌላ ኤለመንት ጠቅልለው የ‹ዳያሎግ›ን ውስጣዊ ክፍተት ዜሮ ካላደረጉ፣ የሳጥኑ ጠርዝ ሲነካም ይዘጋል።

ፎርሙን ማጽዳትና ዝርዝሩን ማደስ የመሳሰሉትን ሥራዎች በ‹ክሎዝ› ክስተት ላይ ይጻፉ። ሳጥኑ በቁልፍ፣ በኤስኬፕ ወይም በኮድ ቢዘጋ ይህ ክስተት ይነሣልና አንድ ቦታ መጻፍ ይበቃል። ሳጥኑ ሲዘጋ አሳሹ ትኩረቱን (ኪቦርዱ የሚሠራበትን ቦታ) ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ወደነበረበት ኤለመንት ይመልሳል። ሳጥኑ ከዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር የሚሰርዝ ቢሆንና ያ ኤለመንት ከተሰረዘው መስመር ጋር አብሮ ቢጠፋ ግን በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው የት እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ በዚሁ ክስተት ውስጥ ትኩረቱን ወደሚቀጥለው መስመር ይውሰዱት።